ስለ መኪና መሪ ማስጠንቀቂያ መብራት

ባለ በቅሎ ሰው በቅሎው ስታነክስ ወይም ጆሮዋን ስትጥል አይቶ ሕመሟን ያውቅ ነበር። መኪና ግን ጆሮ አይጥልም። ስለዚህ የሠሩት ሰዎች በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ትንንሽ መብራቶችን ደርድረው፥ ውስጡን ሲያመው በነዚያ እንዲናገር አድርገውታል። ከነዚህም መካከል የሞተር ዘይቱንና የባትሪውን መብራት ነጂ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የመሪዋን መብራት ግን ብዙ ሰው እስክትበራበት ድረስ መኖርዋን እንኳ አያውቅም። በበራችበትም ቀን ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ «መሪው ሊቆረጥ ነው» ብሎ በድንጋጤ መንገድ መካከል ይቆማል፤ ሌላው «ቢጫ ናት፥ ምንም አታደርግም» ብሎ ቤተ ሰቡን እንዳሳፈረ እስከ ላንጋኖ ይነዳል። ሁለቱም ስለ ተሳሳቱ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ የዚህችን መብራት ነገር ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

መብራቷ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የመሪ ክብ ሥዕል ናት፤ ከአጠገቧም የቃለ አጋኖ ምልክት ይቆማል። በአገራችን በብዛት በሚታዩት እንደ ቪትዝ ባሉ ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ በሥዕሉ ፈንታ «ፒ» እና «ኤስ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች በቢጫ ይበራሉ። ጤነኛ መኪና ቁልፉ ሲዞር ይህችን መብራት ያበራታል፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። ይህም መብራቷ ራሷ አለመቃጠሏን ለማስታወቅ የተደረገ ነው። ችግር አለ የሚባለው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሳትጠፋ የቀረች፥ ወይም በጉዞ ላይ ሳለን ድንገት የበራች እንደ ሆነ ነው።

መብራቷ የምትጠብቀው ሠራተኞች «ፓወር ስቲሪንግ» የሚሉትን የመሪ ረዳት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር የመጣላቸው የመጀመሪያው አውቶሞቢል ይህ ረዳት አልነበረውም፤ የመሪው ኀይል የነጂው ክንድ ብቻ ነበር። በዘይት ግፊት የሚሠራውን ረዳት ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1920ዎቹ ሠርቶ አሳየ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች ዋለ፤ በ1951 ደግሞ ክራይስለር ኢምፔሪያል በሚባለው የቤት መኪና ላይ ተገጥሞ ለሽያጭ ቀረበ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ከዚያ በኋላ በ1988 በጃፓን አገር በሱዙኪ ሰርቮ ላይ ታየ። ዛሬ በመንገዳችን ላይ ሁለቱም ዓይነት ይገኛሉ። ሕመማቸው ግን የተለያየ ስለ ሆነ፥ ባለ መኪና የራሱ መኪና ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህች መብራት በራች ማለት መሪው ከጎማው ተለየ ማለት አይደለም። በመንገዳችን ላይ በሚታዩት መኪኖች ዘንድ መሪውና የፊት ጎማዎቹ በብረት ዘንግና በጥርስ የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ ረዳቱ ቢሞት እንኳ እጅ ያዘዘውን ጎማው ይፈጽማል። ዳሩ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ምን ያህል ጉልበት ቢባል፥ የተባበሩት መንግሥታት 79ኛው የተሽከርካሪዎች ደንብ መለኪያ አውጥቶለታል። የቤት መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ ወደ መታጠፊያ ሲገባ፥ ረዳቱ ደኅና ሳለ በመሪው ላይ የሚያስፈልገው ኀይል ከ150 ኒውተን እንዳይበልጥ፥ ረዳቱ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን እስከ 300 ኒውተን ቢደርስ እንዲፈቀድ ይደነግጋል። ሦስት መቶ ኒውተን የ30 ኪሎ ዕቃ ክብደት ያህል ነው። ይህን ጐልማሳ ሰው በሁለት እጁ ይችለዋል፤ ዕድሜያቸው የገፋ እመት፥ ወይም ትከሻውን የሚያመው ሰው፥ ወይም የመውለጃዋ ወር የተቃረበ ወይዘሮ ግን በቅጽበት ሊያወጡት ይቸገራሉ። በደረቀ መንገድ የተለመደው መኪና ይህን ጉልበት ሲጠይቅ ሰው የሚያስበው «ተቈለፈ» ብሎ ነው፤ ተቈለፈ ያለ ሰውም መታገሉን ይተዋል። አብዛኛው አደጋ የሚመጣው ከዚሁ ነው ብለን እናምናለን።

ደግሞም ሰው የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። መሪ የሚከብደው ጎማው በቆመበት ወይም ቀስ ብሎ በሚሽከረከርበት ጊዜ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ግን መሪው ይቀልላል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መታጠፊያውም ሰፊ ስለ ሆነ መሪውን ብዙ ማዞር አያሻም። እንግዲህ መብራቷ ሞጆ አጠገብ በራች እንበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ነጂ በእጁ ምንም ለውጥ ላይሰማው ይችላል፤ ስለዚህ «መብራቷ ናት የተበላሸችው» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ሸክሙ የሚጠብቀው ግን አዳማ መውጫ ላይ ነው። ወደ ክፍያው ጣቢያ ሲቃረብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም አልፎ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ፥ የጭነት መኪናና እግረኛ ወደሚጋፉበት የከተማ መንገድ ይገባል። በአደባባዩ ዙሪያ ሊታጠፍ ሲል መሪው እንደ ድንጋይ ይሆንበታል፤ ያሰበውን ያህል ሳይታጠፍም ፊት ለፊቱ ወዳለው ሰው ይሄዳል። ብልሽቱ ከሞጆ ጀምሮ አብሮት ተሳፍሮ ነበር፤ የታወቀው ግን በዝግታው ስፍራ ነው። ስለዚህ መብራቷን ያየ ሰው መሪው ለጊዜው ስለ ቀለለለት ብቻ አይመናት።

በጉዞ ላይ ስትበራ የሚደረገው እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ቁልፉን አለመንካት ነው። ደንግጦ ሞተሩን ያጠፋ ሰው በከፊል የቀረውን የመሪ ረዳት ጨርሶ ያጣዋል፤ ፔዳሉንም ጥቂት ጊዜ ከረገጠ በኋላ ፍሬኑ ይከብድበታል። ቁልፉን ከነቀለውማ፥ ለሌባ መከላከያ የተሠራው የብረት ምላስ ወርዶ መሪውን በእውነት ይቈልፈዋል፤ ያልነበረውን አደጋ በእጁ ጠራ ማለት ነው። ቁልፉን ትቶ ሁለት እጁን በመሪው ግራና ቀኝ ያድርግ፤ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጎ ያንሣ፤ ምልክት አሳይቶ ወደ ቀኝ ዳር ይውጣ። የሚቆምበትም ስፍራ ሜዳና ቀጥ ያለ ቢሆን ይሻላል፤ በጠባብ ስፍራ መሪ ማዞርና ወደ ኋላ መመለስ ሊያቅተው ይችላልና። በፍጥነት መንገድ ላይ የሆነ እንደ ሆነ አራቱንም የጥንቃቄ መብራት አብርቶ፥ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከበስተ ኋላ ራቅ አድርጎ አቁሞ፥ ሕፃናቱንና ሌሎቹን ተሳፋሪዎች ከብረቱ አጥር ማዶ ያሳርፋቸው። በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ብዙ ሰው የሚወደው፥ እኛ ግን ፈጽሞ የማንመክረው ነገር ነው።

ከቆመም በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ እንደ ገና ያስነሣ። መብራቷ ጠፍታ መሪው እንደ ቀድሞው ከቀለለ፥ በዝግታ እስከ ቅርቡ ከተማ ሄዶ ለባለ ሙያ ማሳየት ይችላል። ቢጫ ሆና ከቆየችም መሪውን ቆሞ ይሞክረው፤ ጉልበቱ ከበቃው ብቻ፥ ሰው በማይበዛበት መንገድ በዝግታ ይሂድ። ቀይ ሆና የበራች እንደ ሆነ ግን መኪናውን አስጎትቶ መውሰድ ይገባል እንጂ መንዳት አይገባም። በተለይም ከአዳማ ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው ይህን ያስብ። ያ መንገድ መልካሳ ላይ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል፤ ከመብራቷ ጋር እየተከራከሩ ዳገት መጀመር ዕብደት ነው። ሶደሬ ፍል ውኃ ለመድረስ የቸኮለ ቤተ ሰብም ቢሆን አዳማ ላይ ግማሽ ቀን መዋል አይጎዳውም።

ስለ ሕመሙ ምክንያት ደግሞ እንናገር። በዘይት የሚሠራው ረዳት ከሞተሩ ጋር በሚዞር ፖምፓ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ፖምፓውንም የሚያዞረው ሠራተኞች ችንጋ የሚሉት የጎማ ቀበቶ ነው። ከብዙዎቹ አሮጌ መኪኖችና ከጭነት መኪኖች ይህ ዓይነት ይገኝባቸዋል፤ አብዛኞቹም መብራት የላቸውም። ስለዚህ መብራት አለመብራቱን አይተን ጤና ነው ማለት አንችልም፤ በዐይን ፈንታ ጆሮን መጠቀም ያሻል። መሪው ሲዞር የሚያቃስት ድምፅ የሰማ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የመሪውን ዘይት ዕቃ ይመልከት፤ በዕቃው ላይ የታችኛውና የላይኛው ልክ ተጽፎበታል። ከታችኛው ልክ የወረደ እንደ ሆነ በአንድ ስፍራ ይፈሳል ማለት ነው፤ ይህ ዘይት እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለምና። እየጨመሩ መሄድ ጥቂት ቀን ይገዛል፤ ፖምፓው ደርቆ ከተበላ በኋላ ግን ወጪው እጅግ ይበዛል።

በሚጨመረው ዘይት ረገድ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የፍሬን ዘይት ለመሪ፥ የመሪም ዘይት ለፍሬን ፈጽሞ አይሆንም። የፍሬን ዘይት በመሪው ውስጥ ያሉትን ጎሚኒዎች ያበላሻል። የመሪ ዘይት በፍሬኑ ዕቃ የገባ እንደ ሆነ ግን የፍሬኑን ጎሚኒ አሳብጦ ፍሬን እስከ ማሳጣት ያደርሳል። በመንገድ ዳር «ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ እጁን መያዝ ይገባል። የትኛው ዓይነት እንደሚስማማ በዕቃው ክዳን ላይ ወይም ከመኪናው ጋር በመጣው መጽሐፍ ተጽፏል።

ቀበቶው የተበጠሰ እንደ ሆነ ደግሞ መሪው ብቻውን አይታመምም። በብዙ መኪኖች ያው አንዱ ቀበቶ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና የሞተሩን የውኃ ፖምፓ ስለሚያዞር፥ መሪው በከበደበት ጊዜ የባትሪው መብራት ይበራል፤ ሙቀት መለኪያውም መውጣት ይጀምራል። ሦስቱን በአንድነት ያየ ሰው ወዲያው ይቁም። የመተሐራንና የአዋሽን ቆላ የሚያውቅ ሰው እዚያ ሞተር ለመጋገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃው ይገነዘባል።

የኤሌክትሪኩ ረዳት ዘይትም ፖምፓም የለውም። በመሪው ዘንግ ላይ ወይም ወደ ታች ከጎማዎቹ አጠገብ የተገጠመ ትንሽ ሞተር ነው፤ እጅ ምን ያህል እንደ ጫነ የሚለካ መሣሪያና የሚያዝዘው ኮምፒዩተር አብረውት አሉ። የዚህ ዋና ጠላቱ የባትሪ ድካም ነው። ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ስለሚስብ፥ ባትሪው ያረጀ ወይም የባትሪው ራስ የዛገ እንደ ሆነ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ይከፋዋል፤ መብራቷም ትበራለች። ሙቀት ባትሪን ቶሎ እንደሚያስረጅ የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ብዙ ሰዎች ዛሬም ናዝሬት የሚሏት አዳማ ወደ 1,600 ሜትር ዝቅ ብላ ትገኛለች። ስለዚህ በዝዋይና በመቂ፥ በወለንጪቲና በመተሐራ መኪና የሚያኖር ሰው ባትሪውን ከደጋ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ቢያስመረምር መልካም ነው። ብዙ ጊዜ ውድ የተባለው የመሪ ብልሽት የባትሪውን ራስ በመጥረግና በማጥበቅ፥ ወይም አንድ ፊውዝ በመለወጥ ሲድን ይታያል። ጋራዥ የገባ ሰው «መሪው ሙሉ ይለወጥ» ሲባል፥ «ባትሪውና ዲናሞው አስቀድሞ ይለካ» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየከተማው በዝቷል። የነዚህም ሁሉ መሪ ረዳት ኤሌክትሪክ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን እንግለጽ። ይህ መኪና ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ መኪናውን የሚያስኬደው ትልቁ ሲሆን፥ ሌላው እንደ ማንኛውም መኪና ያለ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። የመሪው ረዳትና መብራቶቹ በአብዛኛው የሚኖሩት በዚህ በትንሹ ወገን ነው። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ «ባትሪ 90 ከመቶ» ተብሎ ተጽፎ ሳለ የመሪዋ መብራት ብትበራ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ትልቁ ጠግቦ ትንሹ ተርቦ ይሆናል። ትንሹ ባትሪ በደከመ ጊዜ ብዙ መብራቶች በአንድነት ይበራሉና ባለቤቱ መኪናው በሙሉ የጠፋ ይመስለዋል።

ሌላም ጠባይ አለው። በገበያ ቀን በጠባብ ስፍራ መኪናውን ለማቆም መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ያዞረ ሰው ትንሿን ሞተር ያግላታል፤ እርሷም እንዳትቃጠል ብላ ሥራዋን ትቀንሳለች። ስትበርድ ይመለሳል። እንግዲህ የሚበጀው መኪናው በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ መሪውን ማዞር እንጂ በቆመበት ማጣመም አይደለም። በዘይት ለሚሠራውም ምክሩ ያው ነው፤ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ይዞ መቆየት ፖምፓውን ያግለዋል። የፊት ጎማዎቹ ነፋስ የጐደለባቸውም እንደ ሆነ መሪው በሁለቱም ዓይነት ይከብዳልና፥ ወደ ጋራዥ ከመሄድ አስቀድሞ ጎሚስታ ዘንድ ማስለካት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የስምጥ ሸለቆው አገር ለመሪ የሚያስቸግርበት ሌላም ምክንያት አለው። አዳማ ነፋስዋ ብርቱ ስለ ሆነ መንግሥት በአጠገቧ የነፋስ ኀይል ማመንጫ ተክሎባታል፤ የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት፥ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ያንን ያህል ምሰሶ የሚያዞር ነፋስ ረጅም መኪናን በጐን ሲመታው መሪን በየጊዜው ማስተካከል ግድ ነው፤ ረዳቱ የደከመበት ነጂ ይህን ሲያደርግ ክንዱ ይዝላል። ከመተሐራ ወዲያ ግመልና ከብት በድንገት መንገድ ያቋርጣሉ። የበሰቃ ሐይቅም ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እየሰፋ መጥቶ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስቸግሯል፤ ውኃው ጨዋማ ስለ ሆነ በውኃ ውስጥ ያለፈ መኪና የሥር ሽቦዎቹንና መያዣዎቻቸውን ሳይታጠብና ሳይታይ መተው የለበትም።

የቤቱ ጌታና እመቤት ሊያስቡበት የሚገባው አንድ ጕዳይ ደግሞ አለ፤ እርሱም የሾፌሩ ነገር ነው። መብራቷን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያያት ሾፌሩ ነው። ዳሩ ግን «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ተብሎ ደመወዙ እንዳይቈረጥ የሚፈራ ሰው፥ መብራቷን አይቶ ዝም ይላል፤ ሕፃናቱንም በዚያው መኪና ትምህርት ቤት ያደርሳል። አንዳንዱም ከዚያ ብሶ በመብራቷ ላይ ጥቁር ወረቀት ይለጥፍባታል። ይህ የሾፌሩ ክፋት ብቻ ነው አንልም፤ የጌታውም ቍጣ እጅ አለበት። መብራት በርቷል ብሎ የመጣ ሾፌር የሚመሰገንበት ቤት ብዙ ወጪ ይድናል። በቤቱም መኪና የሚነዳ ሁሉ፥ ወይዘሮዋም፥ ወጣቱ ልጅም፥ መሪው ያለ ረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ በእጁ ይወቀው። ይህንንም ያለ አደጋ ማድረግ ይቻላል፤ መኪናው በሜዳ ቆሞ፥ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፥ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ በውስጡ እንዳለ መሪውን ትንሽ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት ነው። መኪናው ሲሄድ እንደዚያ ያህል አይከብድም፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ የገፋው ሰው በመንገድ ላይ ሲያጋጥመው «ተቈለፈ» ብሎ አይለቀውም።

አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስቡ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሻጩ ሞተሩን ሳያስነሣው ቁልፉን ብቻ እንዲያዞር ይጠይቁ፤ የመሪዋም መብራት ከሌሎቹ ጋር መብራቷን ይመልከቱ። ረዳቱ ኤሌክትሪክ በሆነ መኪና ላይ ጨርሶ ያልበራች እንደ ሆነ፥ አንድ ሰው ነቅሏታል ወይም ሸፍኗታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። በዘይት የሚሠራ ከሆነ የዘይቱን ዕቃ ይክፈቱ፤ የጠቈረና የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ፖምፓው ብዙ ሥቃይ አይቷል። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ፥ ገንዘቡ ከመቈጠሩ በፊት፥ ያንን መኪና የምትነዳው ወይዘሮ ራሷ ተቀምጣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ታዙረው።